የአሮጌዋ ቤት-መኪና ዋጋ

መቱ፣ የካቲት 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣ ጅማ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ያ ዳገት ባየ ቁጥር የሚያኮርፈው የግራ ጉልበትሽ ታርቆሻል ወይ? ጎረቤቶችሽ፣ ዕድርተኞችሽ፣ ያቺ ተናካሽ ዶሮሽ ሳትቀር ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና አለሁ። አለሁ ያልኩሽ በቁሜ ስለምሄድ ነው እንጂ ነፍሴስ አልጋ ሥር ከተደበቀች ሰነበተች።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አልደፈርኩም። ስልክ ሲጮህ አሁን አሁን ቶሎ አላነሳም። ጎረቤቴ ወለተ ማርያም ለእህቷ ልጅ ሠርግ ጅማ ስለምትመጣ በእጇ ላክሁት። መንገድ ላይ ቢፈትሿት እንኳ እንዳይገኝ ቀሚሷ ውስጥ ሰፍታ ታመጣዋለች። ስታነቢው ብቻሽን ሁኚ፣ አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ስሙን የማልጠራው ሰው ካለ ረስቼ አይደለም።

የባለቤቴን የደበሳን ነገር ሰምተሻል። ያ ሲስቅ ጣሪያ የሚያንኳኳ ሰውዬ ዛሬ ከአልጋው እስከ ደጃፍ ለመድረስ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ ያርፋል። ሐኪሙ አንዱ ኩላሊቱ አልቆለታልና ሌላውን ሳያበላሽ ይውጣ፣ አዲስ አበባ ውሰዱት፣ ከፋሲካ እንዳታሳልፉ አለን። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ግቢውን ብዞር ብዞር ከቤት-መኪናዋ በቀር የሚሸጥ ነገር አጣሁ።

መቼም አትረሻትም። እነዚያ ጫካ የሚያጠኑት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስቱ፣ አንዴ ሶር ፏፏቴ አጠገብ አንዴ ቡሬ እያቆሙ የኖሩባት፣ አልጋና ምድጃ ከነእጅ መታጠቢያው ያላት መኪና ናት። ደበሳ ሾፌራቸው ነበርና አገራቸው ሲገቡ ቀረጧን ከፍለው በስሙ አዛወሩለት። እንግዳ ወደ ፏፏቴው እያመላለሰባት ስንት ዓመት በላን፣ ጠጣን። መንገዱ ከከፋ ወዲህ ግን እንግዳ የሚባል የለም። ጓሮ ቆማ የዶሮ ማደሪያ ሆናለች።

ያንቺም ልጅ ክረምት ክረምት ሲመጣ ቤት ውስጥ አላድርም እያለ የኋላው አልጋ ላይ ነበር የሚተኛው። የጎን በሩን እየወረወረ ሲዘጋ ማጠፊያውን የሰበረውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በሩ ጉልበትን ከሥሩ አስደግፈው ወደ ላይ ካላነሱት አይከፈትም፤ ዘዴውን ያገኘውም ያሳየንም ራሱ ነው። ይህን ከሱና ከኔ ከደበሳም በቀር ማንም አያውቅም። በበደሌ መንገድ ከጠፋና ሬሳ ሳናይ አልቅሰን ከተቀመጥን ወዲህ እሱን ባነሳሁ ቁጥር ነፍሱን ይማር እል ነበር። አሁን ለምን እንዳላልኩ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

እንግዲህ ትሸጥ ተባለ። በስንት? መኪና ብቻ ብትሆን ነገሩ ይቀል ነበር፤ በኛ አገር መኪና ሲያረጅ ይወደዳል እንጂ አይረክስም። መካኒኩ ሞሲሳ ሥሯ ገብቶ ሲያንኳኳ ቆየና ሻንሲዋን፣ የሥር ብረቷን፣ ዝገት አልነካውም፣ ሞተሯ ትንሽ ዘይት ትጠጣለች፣ ሰባት መቶ ሺህ ታወጣለች አለኝ። ደላላው ፋኦል ደግሞ እትዬ፣ ይህቺ እኮ ቤትም መኪናም ናት፣ የሁለቱን ዋጋ ደምራችሁ አንድ ሚሊዮን ተኩል ብላችሁ ጥሩ እንጂ አለ። ኮሚሽኑ አፉ ውስጥ እንደ ከረሜላ ሲንከባለል ይታየኛል። መለዋወጫ የሚሸጠው ሚፍታህ፣ ያ ስልጤው፣ ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት የሚፈጀው፣ እሱ ነው ቁም ነገር የነገረኝ። እትዬ፣ ሰው ለአልጋና ለምድጃ ብሎ አይጨምርላችሁም፤ እንዲያውም ያን ሁሉ ነቅሎ ወንበር ለማስገጠም የሚያወጣውን ይቀንስባችኋል፤ ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ካገኛችሁ አላህን አመስግኑ አለኝ። እውነተኛው ዋጋ በሞሲሳና በሚፍታህ መካከል እንዳለ ያኔውኑ ገብቶኛል።

ገብቶኛል፣ ግን መጥራት ፈራሁ። ጎሬ አንድ ሰው አይሱዙውን በሸጠ በሳምንቱ ስልክ ተደወለለት። የሸጠበትን ብር ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩት አሉ። በማግስቱ ልጁ ከሱቅ ሳይመለስ ቀረ፤ እሱን ለማስመለስ ከአይሱዙው ዋጋ በላይ ከፈለ። እነማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም፤ እዚህ ጠያቂ የለም። ከዚያ ወዲህ ዋጋ መጥራት ማለት ለኔ ይህን ያህል ብር ቤቴ ሊገባ ነውና ኑ ብሎ ጥሩምባ ማስነፋት ሆነብኝ።

ታዲያ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ብልጥ ነኝ ብዬ ሁለት መቶ ሺህ ብዬ ጠራሁ! በአደባባይ ርካሽ ልጥራ፣ ከደህና ገዢ ጋር ደግሞ ጓዳ ገብተን እውነቱን እንነጋገር ብዬ እኮ ነው። ከተማው ግን ሌላ ነገር አነበበው። በማግስቱ ጎረቤታችን ተሻለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየጮኸች ግቢያችን ገባች። ይህን ያህል የረከሰችው ጋሼ ደበሳ ቢሞት ነው ብላ! ደበሳ በመስኮት ብቅ ብሎ ገና ነኝ፣ ቁጭ በይና ቡና ጠጪ አላት። እሷ ስትወጣ የቀበሌ ሰዎች ገቡ፤ በትሕትና ነው፣ ግን እትዬ፣ ጓዛችሁን የምትጠቀልሉት ወዴት ልትሄዱ ነው፣ ማን አስፈራራችሁ እያሉ ጠየቁኝ። ገበያ ላይ ደግሞ መኪናዋ የተሰረቀች ናት ተባለ አሉ። ልደበቅ ብዬ ጭራሽ አደባባይ ወጣሁ። ከሁሉ የቆረቆረኝ ግን የደበሳ ነገር ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ገና ሳልሞት አረከስሽኝ አለኝ።

አልቻልኩም። ፋኦልን ጠራሁና ሰባት መቶ ሺህ በል፣ የመጣው ይምጣ አልኩት።

መጣም። ሐሙስ ጠዋት ግቢ ውስጥ በርበሬ እያሰጣሁ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ጎርነን ያለ ድምፅ፣ ጋቲን ኢሳ ሜቃ አለኝ በኦሮምኛ፣ ዋጋዋ ስንት ነው ማለቱ ነው። ሰላምታ የለ፣ እትዬ የለ። ገዢ መስሎኝ ሰባት መቶ አልኩት። መቼ ትሸጫለሽ፣ ብሩን የሚቀበለው ማነው፣ ባልሽ አዲስ አበባ የሚሄደው በየትኛው መኪና ነው እያለ ቀጠለ። በርበሬውን እዚያው ተውኩት። ከኋላው ሌሎች ወንዶች ያወራሉ፣ አንዱ ይስላል። ደበሳ እንዳይሰማ ብዬ ወደ ጓሮ ሄጄ መኪናዋ አጠገብ ቆምኩ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በአማርኛ፣ ቶሎ ቶሎ እያለ፣ የጎን በሩ አሁንም በጉልበት ካላነሱት አይከፈትም? ለገዢው ሳትነግሪ እንዳትሸጪ፣ ከዋጋው ቀንሺለት አለኝ።

እህቴ፣ በሩን ለማንም አላሳየሁም። እንዳይቀንሱብኝ ብዬ ሞሲሳ ሲመጣም ሌሎቹ ሲመጡም አስቀድሜ ከፍቼ ነው የጠበቅኋቸው።

አፌን ከፍቼ ምን ልል እንደነበር እንጃ። ስም ልጠራ ነበር መሰለኝ። እሱ ግን ቀደመኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለኔ ሳይሆን ከኋላው ላሉት፣ ሲቢላ ዱሎማ ዳ፣ ሆማ ሂንባሱ አለ። ያረጀ ብረት ነው፣ ምንም አያወጣም ማለቱ ነው። አንደኛው ሳቀ። ስልኩ ተዘጋ፤ ቁጥሩን መልሼ ብሞክር አይሠራም።

ያን ቀን መኪናዋ ውስጥ ገብቼ የኋላው አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። አብሯቸው ነው ወይስ በእጃቸው ነው? አላውቅም። ለኔ ሲል የተናገረውን ከመካከላቸው አማርኛ የሚያውቅ ሰምቶት እንደሆነስ? ለደበሳም አልነገርኩትም፤ ከሐኪም ቤት ሲመለስ እነግረዋለሁ። ለመኪናዋ ስንቱ ዋጋ ገመተላት፣ ከሁሉ ዝቅ አድርጎ የገመታት ግን እሱ ነው። በዚያው ግምት ይኸው እስካሁን ቤታችን የመጣ የለም።

በነጋታው መኪናዋን አንተው ግዛት ብዬ ሚፍታህን አስጠራሁትና በሩን ዘግቼ ክፈተው አልኩት። ታገለ፣ ላበው። ዘዴውን ሳሳየው እስኪያነባ ሳቀ፣ እትዬ፣ ይህን ደብቃችሁ ብትሸጡልኝ ኖሮ ጀነት አትገቡም ነበር አለኝ። በስድስት መቶ ሰባ ሺህ ተስማምተን ለበሩ ሠላሳ ሺህ ቀነስኩለት። ቅር አላለኝም። ብሩ መቱን ሳይነካ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ለሆስፒታሉ ይከፍላል፤ ሚፍታህ በሃይማኖቱ ምሎልኛል፣ አምኜዋለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ደግሞ ያረጀ ብረት ነበረች፣ ምንም አላወጣችም እላለሁ። ፋኦል ብቻ ኮሚሽኑ ቀርቶበት አኩርፏል፤ ያኩርፍ።

ሰኞ በሌሊት እንነሳለን። መንገዱን እፈራዋለሁ፣ የሐኪሙን ቢላ እፈራዋለሁ፣ ይህን ደብዳቤ ስታነቢ የልብሽን ነገር ደግሞ ከሁሉ አስበልጬ እፈራዋለሁ። እሪ እንዳትዪ። ለማንም፣ ለነፍስ አባትሽም እንኳ ቢሆን አትንገሪ። ጥቁር ልብስሽን አውልቂ አልልሽም፤ ሰው ይጠይቃል። ልበሺው፣ ውስጡን ግን አንቺ እወቂው። በጸሎትሽ ከሙታን ዝርዝር አውጥተሽ ከመንገደኞቹ ጋር ጥሪው።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ደጅሽን የሚያንኳኳ ደግ እግር ያምጣልሽ። የጎደለብንን ሞልቶ፣ የራቀብንን አቅርቦ፣ በአንድ ማዕድ ያስቀምጠን። ደበሳ እጅ ነስቷል፤ ዶሮዋን ለፋሲካ እንዳታርጂብኝ፣ ድኜ መጥቼ እኔው ነኝ የማርዳት ይልሻል።

ከፋሲካ በኋላ ተዝካሩን ላወጣ ጤፍ ገዝቻለሁ ብለሽኝ ነበር። እባክሽ አታስፈጪው። ጤፍ ቢቀመጥ አይነቅዝም።

ታናሽ እህትሽ