ሐይቅ የጠጣው ጎማ

ሰኞ

ጎማው ቀድሞን ሞጆ ገባ።

ከባቱ ወደ አዳማ ወደ ቤታችን እየተመለስን ነበር። የባለቤቴ አጎት ጋሼ ተሰማ ፒካፓቸውን ይነዳሉ፣ እኔ ከጎናቸው ላቤን እጠርጋለሁ፣ ተሳቢዋ ከኋላ ትከተላለች። መስኮት አይከፈትም። ጋሼ ብርድ ይፈራሉ። በስምጥ ሸለቆ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብርድ። እንደዚህ ተቀቅለን ስንሄድ አንድ ጎማ ብቻውን፣ ቀጠሮ እንዳለበት ሰው፣ በግራችን አለፈን።

«ተመልከት፣» አሉ ጋሼ፣ «አንዱ ግዴለሽ ጎማውን ጥሎ ሄዷል።»

ግዴለሾቹ እኛ ነን። ተሳቢዋ በግራዋ ተንበርክካ አስፋልቱን መፋቅ ጀመረች። ከኋላችን ወደ ደረቅ ወደቡ የሚሄድ ባለ ኮንቴይነር መኪና ለጥቂት ሳተን። ጎማው መንገድ ዳር ሀብሀብ የምትሸጥ ሴት ክምር ውስጥ ገብቶ አረፈ። እሷን ራሷን በስንዝር ነው የሳታት። ስንደርስ አልጮኸችም። «የእናንተ ነው?» ብቻ አለች። አዎ ማለት እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

ተሳቢዋ እንጀራችን ናት። የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሳ የገዛናት ባለ ሁለት ጎማ ቤት ነች፤ መስታወትና መጋረጃ አስገብተን ሐይቅ ዳር ለሚዳሩ ሙሽሮች መልበሻ እናከራያታለን። የፊታችን እሁድ ደግሞ ሙሽራዋ የባለቤቴ የብርቱካን ታናሽ እህት ሰናይት ናት። ሠርጉ ባቱ ነው።

ብርቱካን ሁሉንም ሰማች። «ሰው ልንገድል ነበር» አለች። «ከእሁድ በፊት ደግማ ጎማ ከጣለች፣ ለመቂው ሽንኩርት ነጋዴ መጋዘን ትሁንለት። እኔ በቃኝ።»

ሰውየው እንድንሸጥለት ስንት ጊዜ ለምኖናል። ስንት ሙሽራ ያለበሰች ቤት ሽንኩርት ልታስተኛ ነው። ብርቱካን እኔንም ከሽንኩርቱ ጋር ሳትሸጠኝ አትቀርም።

ማክሰኞ

የጎማው መውደቅ ምክንያቶች፣ እስካሁን ከቀረቡልኝ፦
የሰው ዓይን (ጎረቤት)። መንገዱ (ጋሼ ተሰማ)። እኔ (ብርቱካን)።

መካኒኩ ቶሎሳ የወደቀውን ጎማ እምብርት ከፍቶ አየ። «አካም ጅርታ ጌታው፣ ኩሽኔታ ነው ያመጣህልኝ ከሰል?» ኩሽኔታው፣ ጎማው የሚዞርበት የብረት ቀለበት፣ ተቃጥሎ ጠቁሯል፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ቶሎሳ ከውስጡ ግራሶ በጣቱ ዛቅ አድርጎ ዓይኔ ስር አመጣው። ነጣ ያለ፣ አረፋ ያለው።

«ይኼ ግራሶ ነው ማኪያቶ? ውሃ ገብቶበታል።»

«ውሃ ከየት ይገባል? ዝናብ እንኳ ከጠፋ ቆየ።»

«እኔ መካኒክ ነኝ፣ ደመና አይደለሁም» አለኝ።

ምግብ አልበላሁም። ዓይኔን ስጨፍን የሀብሀቧ ሴት ትመጣለች። «የእናንተ ነው?»

ረቡዕ

አዲስ ኩሽኔታ ገባ፣ አዲስ ግራሶ ተሞላ፣ ግራሶው እንዳይወጣ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበትም ተቀየረ። ልክ ሲያልቅ ጋሼ ተሰማ ደረሱ።

«እሰረው፣» አሉ፣ «ጎማ የሚወድቀው ስለሚላላ ነው። በደንብ እሰረው እንጂ።»

ቁልፉን ከቶሎሳ እጅ ተቀብለው ተንጠለጠሉበት። ጎማው መዞር እምቢ አለ። ጋሼ በሥራቸው ተደስተው ሄዱ። ቶሎሳ «እሺ ጋሼ፣ ደግ አደረጉ ጋሼ» እያለ ሸኛቸውና ያሰሩትን መልሶ ፈታ፤ ጎማውን እያሽከረከረ አጥብቆ፣ ከዚያ ትንሽ አላላው። «እንደዚያ ታንቆ ሞጆም አይደርስ፣ ይቃጠላል» አለ።

«ቀኙንስ ብትከፍተው?» አልኩት።

«እሱ ምን በደለህ?»

ባስበው ባስበው ምንም አልበደለኝም። ተውነው። የሁለት አዋቂዎች ጥበብ ይኸው ነው።

ዓርብ

ለሠርጉ ትላልቅ ድስት ልንዋስ ተሳቢዋን ይዘን ወንጂ ሄድን። ድስቱ ሰበብ ነው፤ እኔ ጎማውን ልሞክር ነው። አማቴ እማማ ዘነበች አብረውን ነበሩ። የጋሼ ታላቅ እህት ናቸው፤ በዚህ ምድር ላይ ጋሼን «ዝም በል» ማለት የሚችሉ ብቸኛ ሰው።

ወንጂ ስንቆም ወርጄ የግራውን ጎማ እምብርት ዳሰስኩ። ለብ ያለ፣ ሰላማዊ። ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። እማማም ወርደው ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሕፃን እንደሚዳስሱ በእጃቸው ጀርባ ግራውን ነኩ፣ ዞረው ቀኙን ነኩ።

«ይኼኛው ትኩሳት አለው» አሉ።

ነካሁት። እጄን አቃጠለኝ። በደለኛ አይደለም ያልነው ቀኙ።

«ፀሐይ ነው» አሉ ጋሼ፣ መስኮታቸውን እንደዘጉ።

አዳማ እስክንደርስ በየጥቂቱ እያስቆምኩ እያቀዘቀዝኩ ተመለስን። ቶሎሳ ሲከፍተው ማኪያቶ። ኩሽኔታው ገና አልተቃጠለም፣ ግን መንገዱን ጀምሯል። ቶሎሳ ዓይኔን አላየም፣ እኔም ዓይኑን አላየሁም። ሁለቱ ጎማዎች አንድ ውሃ ነው የጠጡት፤ ግራው ቀድሞ ሞተ እንጂ።

ውሃው ከየት እንደመጣ የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው። ጋሼ ተሰማ ባቱ በደረሱ ቁጥር፣ ማንንም ሰላም ሳይሉ፣ ፒካፑንም ተሳቢዋንም ወደ ኋላ ሐይቁ ውስጥ ይከታሉ፤ የጎማዎቹ እምብርት እስኪሰምጥ። አቧራ ማጠብ ነው። ባቱ ሁሉም ሹፌር እንዲያ ያጥባል። ጎማው ግን ከመንገድ የመጣ ትኩስ ነው። ትኩስ ጀሪካን ክዳኑ ተዘግቶ ሲቀዘቅዝ ሆዱን ወደ ውስጥ እንደሚስበው፣ እሱም ድንገት ሲቀዘቅዝ በላስቲኩ ዙሪያ ሐይቁን ይስባል። ለቶሎሳ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «እውነትህን ነው፤ ሐይቁን ነው የሚጠጣልህ።»

ቀኙም ታደሰ። ነገ ግን ባቱ ነን፣ ሐይቁም እዚያው ነው። ጋሼን ማን ይንገራቸው? ሹፌርነታቸው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ከተቀየሙ ፒካፑ የለም፤ ፒካፑ ከሌለ ሠርግ ላይ መልበሻ የለም፤ ከዚያ ሽንኩርት።

ያዘጋጀኋቸው ንግግሮች፦
«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና...» (እዚህ ላይ ይቆጣሉ።)
«ጋሼ፣ ሐይቁ ዘንድሮ ቆሽሿል አሉ።» (ውሸት፤ ደግሞ ገብተው ያዩታል።)
«ጋሼ፣ ታመምኩ።» (እውነት።)

ቅዳሜ

ሞጆ ቆምን። እማማ ዳሰሱ፣ «ደህና ነው» አሉ። ዓለም ጤና ከተማም ስንቆም እንዲሁ። መቂ ላይ ሽንኩርት ነጋዴው ከሱቁ ወጥቶ ተሳቢዋን በዓይኑ ለካት። በሯ ለኬሻ ይጠብ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰላምታዬን ነፈግኩት። እዚያም ሲዳሰሱ ጎማዎቹ ለብ ያሉ ነበሩ፣ እንደማንኛውም መንገደኛ። ከዚያ በኋላ ጋሼ ለጠፋው ጊዜ ብለው ነዳጁን ረገጡት።

ባቱ ገባን። ብርቱካንና ሰናይት ቀድመው በአውቶቡስ ደርሰው ቆመው ይጠብቁናል። ጋሼ አላዩዋቸውም፤ ቀጥ ብለው ወደ ሐይቁ፣ ዞረው፣ ማርሹን ወደ ኋላ።

ዘልዬ ወረድኩና ከተሳቢዋ ኋላ ውሃው ውስጥ ቆምኩ። ለሠርግ የገዛሁት ጫማ ነው። ይሁን።

«ውጣ ከዚያ፣» አሉ ጋሼ፣ «ልጨፈልቅህ ነው?»

«ጋሼ፣ ጎማው ትኩስ ነው፤ ድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ይስባል፤ ሰኞ የወደቀውም በዚህ ነው።»

«ጎማ ይጠማዋል እንዴ? እኔ እዚህ መኪና ሳጥብ አንተ አልተወለድክም። ልታስተምረኝ ነው?»

ተሳቢዋ ወደ እኔ ተንቀሳቀሰች። ብርቱካን ስሜን ጠራች። ያኔ እማማ ዘነበች በእርጋታ ወርደው፣ እጃቸውን ጎማው ላይ አሳርፈው፣

«ተሰማ፣ በላቡ ነው እኮ ያለው» አሉ።

«እና?»

«በላቡ ውሃ ውስጥ ስትከተው ብርድ ይመታዋል።»

ፒካፑ ቆመ።

 ጋሼ መስኮታቸውን፣ እኔ እስከማውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝቅ አደረጉ። ጎማውን አዩት። እኔ ትኩስ፣ ቅዝቃዜ፣ መሳብ ስል ያልሰሙትን ሰው አንዲት ብርድ ቀጥ አደረገቻቸው።

«ብርድስ ክፉ ነው፣» አሉ፣ «ቀድማችሁ አትነግሩኝም?»

እሁድ

ተሳቢዋ ትናንት በባልዲና በጨርቅ ታጠበች። ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያጠቧት፤ ወደ ጎማዎቹ ውሃ የረጨ ሁሉ ተገሠጸ።

ሰናይት አሁን ውስጥ እየለበሰች ነው፤ ሳቋ በመስኮቱ ይሰማኛል። ብርቱካን አጠገቤ መጥታ እርጥብ ጫማዬን አየች። «የመቂውን ሰውዬ ሌላ መጋዘን ይፈልግ በለው» ብላኝ ገባች። ከዚህ የሚበልጥ የፍቅር ቃል ከጋብቻችን ወዲህ አልሰማሁም።

ነገ መመለሻ ነው። መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ ግራሶው አዲስ ነው፣ የእማማ እጅ አለ። ቢሆንም ሞጆ ስንደርስ ያቺን የሀብሀብ ሴት ቆሜ ሰላም እስክላት ድረስ ደህና መሆናችንን አላምንም።

ጠዋት ዞር ዞር ብዬ ጎማዎቹን ሳይ ግራና ቀኙ ተጠቅልለዋል። በአንደኛው የጋሼ ጋቢ፣ በሌላኛው የአንገት ልብሳቸው፤ ጫፋቸው በደንብ ተቋጥሯል፣ የሐይቁ ነፋስ እንዳያገኛቸው። 

ነገ ከመነሳታችን በፊት መፍታት እንዳልረሳ።