በቱቦው የወጣው ቀይ ውሃ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ ለሊሲያቴ። እንደምን ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ ወይ? የአውስትራሊያ የወይን ለቀማ አላደከመህም? ምግቡስ ተስማማህ? እኛ እስከ ትናንት ድረስ ሁላችንም ደህና ነበርን።

የስልኩ ማማ ከወደቀ ወር አልፎታል፤ ሬዲዮውም ይንጫጫል እንጂ አይናገርም። ይህን የምጽፍልህ መርከቡ ሳይነሳ ልልክልህ ወደብ ላይ ተቀምጬ ነው።

ሰኞ ዕለት መምህርት ሜሌአኔ ስለ አየር አስተማሩን። የስሪንጅ አፍ በሰም ደፍነው፣ በላዩ መጽሐፍ እየደራረቡ ውስጡ ያለው አየር ምን ያህል እንደቀረ አስነበቡን። ጭነቱ በጨመረ ቁጥር አየሩ ጠበበ፤ መጽሐፎቹ ሲነሱ ተመልሶ ሰፋ። ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ቀይ ውሃ አድርገው፣ ቀጭን ቱቦ ነክረው፣ የጠርሙሱን አፍ በቱቦው ዙሪያ ደፈኑና "እዚህኛው ላይ በመጽሐፎቹ ፈንታ የሚጫነው ከላያችን ያለው አየር ነው" አሉን። ውሃው ቱቦው ላይ የቆመበት ቦታም ምልክት እንዲሆን ክር አሰሩ።

በማግስቱ ጠዋት ስንገባ ውሃው ከክሩ አራት ጣት ከፍ ብሎ አገኘነው። መምህርት ተቆጡ፤ "ማነው የነፋበት? ቪሊ፣ ያለ አንተ ማን አለ!" አሉት። ያ ቀልደኛ "እኔ ብነፋበትማ ጣራ በነካ ነበር!" ቢላቸው ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሙቀት ይሆናል ብለው ጥላ ውስጥ አኖሩት፤ እዚያም ዓይናችን እያየ ወጣ። ያኔ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ከላይ የሚጫነው አየር እየቀለለ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ የታፈነው ሰፍቶ ውሃውን የሚገፋው ለዚህ ነው። ወደየቤታችሁ ሂዱና ማዕበል እየመጣ ነው በሉ" አሉን። ውጭ ነፋስ የሚባል የለም፤ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር።

ሮጬ ባሕሩ ዳር ስደርስ አጎታችን ኪቲዮኔ ለበዓሉ ዓሣ ሊያመጣ፣ ወደ ትንሿ ደሴት ለመሻገር ሞተሩን እያስነሳ ነበር። ነገርኩት። "አንቺ ልጅ፣ ከጠርሙስ ጋር መማከር ጀመርሽ? ጠርሙስ የሚያምን ሰካራም ነው!" ብሎ ሳቀብኝ። አባባም አብሮት ሳቀ፤ ጀልባዋንም ገፋለት።

አጎታችን ማታ መመለስ ነበረበት፤ አልተመለሰም። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሰማዩ እንደ ተመታ ገላ በልዞ ነበር፤ ባሕሩም ከኮራል ድንጋዩ ወዲያ ያጓራል። ነገ ሊነሳ የነበረው የመርከቡ ካፒቴን ዛሬውኑ ልሂድ አለ። አባባ የጎረቤት ጀልባ ለምኖ አጎታችንን ሊፈልግ ሲነሳ እማማ ገመዱን ይዛ፣ "አንዱን ወንድም ባሕር ከያዘው ሌላውን አክዬ አልሰጥም" ብላ አለቀሰች። እሱም "የገፋሁት እኔ ነኝ" አለና እጇን ቀስ አድርጎ አላቀቀ። እስከ ነጩ አረፋ ድረስ አየነው፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

እኛ ግንቡ ጠንካራ ነው ብለን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ልንጠለል ነው። አሳማዎቹን ለቀናቸዋል።

የአጎታችን ሚስት ሲኒቫ ሰላም ትልሃለች፤ ልጇን አቅፋ ከባሕሩ ዳር አልነሳም ብላለች። ትንሿ ሎሴ ትስምሃለች፤ የላክህላትን ጫማ አድርጋለች። እማማ ሰላም በይልኝ ካለች በኋላ "አባትሽ ሄዷል ብለሽ እንዳትጽፊለት" አለችኝ፤ እኔ ግን ጻፍኩልህ። የአባባን ሰላምታ ከራሱ አፍ ሰምቼ ልጽፍልህ ቦታ ትቼለት ነበር፤ ካፒቴኑ ግን ደብዳቤውን አምጪ ብሎ እጁን ዘርግቷል።

እህትህ ሲያሌ
ሃአፓይ፣ ቶንጋ
ረቡዕ ጠዋት፣ የካቲት 2 ቀን