የጠጅቱን ወተት እየጠጡ በጠጅቱ ላሳቁት ዲሬክተር

ሰበታ፣ ሐምሌ ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወንዳፍራሽ ጉልላት
የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የሐምሌ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይዝዎት፣ ጉንፋኑም በቢሮዎ ደጃፍ ሳይገባ እንዲያልፍ፣ ይልቁንም ድምፅዎ እንዳይሰልል ከልብ እመኛለሁ፤ በድምፅ ማጉያ ፊት እንደ እርስዎ የሚያሳቅቀን ሰው ከየት እናገኛለን? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከንዴት በቀር ሕመም የለብኝም።

ምናልባት ከብዙ ሥራዎ የተነሳ ዘንግተውኝ ከሆነ፣ ስንዱ ዳኜ እባላለሁ፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ከጨረሱት አንዷ ነኝ። በምረቃው መጽሔት ላይ «አፏን ከፍታ የማታውቅ ጨዋ ልጅ» ብለው የጻፉልኝ እኔው ነኝ። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የሆኑት አባቴ አቶ ዳኜ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ፣ ከጻፍኩም በትምህርት ቤቱ በር ላይ እንዳልለጥፍ አጥብቀው መክረውኛል፤ ምክራቸውን በታላቅ አክብሮት ካዳመጥኩ በኋላ ይኸው ጽፌ ለጥፌዋለሁ። ሰርተፊኬቴ ፊርማዎን እየጠበቀ በመሳቢያዎ ውስጥ እንደተኛ አልረሳሁም። ይተኛ።

ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ቆሞ ሊያነብ ስለሚችል፣ በቅድሚያ ስለ አንድ ልማዳችን ልናገር። በዚህ ትምህርት ቤት ተመራቂው ሁሉ አብሮት በአንድ ወንበር ለተቀመጠው ጓደኛው፣ አመሉንና አነጋገሩን ወደፊትም ምን እንደሚሆን፣ በሦስት አራት መስመር ቀልድ ይጽፍለታል። የተጻፈለት ልጅ ከማንም በፊት ያነበዋል፤ ከሳቀ ጽሑፉ ወደ ማባዣው መኪና ይሄዳል፣ ካልሳቀ ይቀደዳል፣ ክርክር የለም። ለምሳሌ ስለ ቡራዩው ዱቤ፣ ቁመቱን ለማያውቅ ሰው፣ «ጭንቅላቱ ክፍል ሲገባ እግሩ ገና ቡራዩ ነው» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ዱቤ ይህን አንብቦ ከወንበሩ ወደቀ፤ ሲወድቅም ረዘመበት። ስለ ሙሉዬ ደግሞ «ፈተና ሲቃረብ ሃይማኖቷ ይጠብቃል፣ ውጤት ሲነገር ይላላል» ተባለ፤ ሙሉዬም እየሳቀች «ውሸት ነው፣ ውጤትም ሳይነገር ይላላል» ብላ በራሷ እጅ አስተካከለችው። እኛ እንዲህ ነበርን። ዘንድሮ ይህ ልማድ በእርስዎ እጅ አርፏል፤ ነፍሱን ይማር።

ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዓቱ በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ/ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተብሎ በተነገረ ጊዜ፣ «ደረጃውን የጠበቀ ቀልድ ያስፈልጋል» ሲሉ የልጆቹን ጽሑፍ ሁሉ ሰብስበው ወሰዱና በምትኩ የራስዎን ጻፉ። እርስዎ ቀልደኛ መሆንዎን ይህን ያህል ዘመን ደብቀውን በመኖርዎ ትሕትናዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ቀድሞ የሚያነብ፣ ቀድሞ የሚስቅ ባለቤት ግን ቀረ። እያንዳንዳችን ስለ ራሳችን የተጻፈውን የሰማነው በምረቃው ዕለት፣ አባት እናቶቻችን ፊት፣ በድምፅ ማጉያ ከእርስዎ አንደበት ነው። ዱቤን «የክፍሉ አጋሰስ» አሉት። አጋሰሱም እንደ ልማዱ ቻለው።

፪ኛ/ ይህ ስለ ወንበር ጓደኛዬ ስለ ጠጅቱ ባጫ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደብዳቤውም የተጻፈው ለዚህ ነው። እኔ የጻፍኩላት እንዲህ ይል ነበር፦ «ጠጅቱ ባጫ፦ ከፉሪ ተነስታ ደወሉን የምትቀድም። የጂኦሜትሪ መምህራችን መልሱ ሲጠፋባቸው ጠመኔውን የሚያቀብሏት። እሷ ስትስቅ የጎረቤት ክፍል ይቀጣል።» ይህን ባነበበች ጊዜ ስትስቅ፣ እውነትም የጎረቤት ክፍል መምህር መጥተው ገሠጹን። እርስዎ ያንን ቀደው የጻፉላት ደግሞ ይኸው፦ «ጠጅቱ ባጫ፦ ከወተት ቅሏ ጋር የተመዘገበች ብቸኛ ተማሪ። ስሟ ሲጠራ ከእሷ በፊት ሽታዋ አቤት ይላል። ወደፊት የምትሆነው፦ የጥጆች አስተማሪ።»

እንግዳው ሳቁ። እንግዳው ስለሳቁ መምህራን ሳቁ፤ መምህራን ስለሳቁ ወላጆች ሳቁ፣ ግማሾቹ በምን እንደሚሳቅ ሳይገባቸው። ጠጅቱ የእንግዳውን እጅ ለመጨበጥ ተራዋን እየጠበቀች ከመድረኩ ሥር ቆማ ነበር፤ እሷም ሳቀች። የጠጅቱን ሳቅ አውቀዋለሁ፣ ያ የእሷ ሳቅ አልነበረም። አባቷ ኦቦ ባጫ ለዚያ ቀን ብለው ከሳጥን ያወጡትን ካፖርት ለብሰው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሳቸው አልሳቁም። ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ እርስዎ ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው በቋንቋቸው «አከም፣ አከም» ብለዋቸው አለፉ፤ አማርኛ አይሰሙም ብለው ይሆናል። ኦቦ ባጫ የመሬት ሙግታቸውን እስከ ይግባኝ በአማርኛ ተከራክረው የረቱ ሰው ናቸው። አንዲት ቃል አላመለጠቻቸውም።

ጠጅቱን የመምህራን ማሠልጠኛው ተቀብሏታል። ከመስከረም በፊት ሄዳ መመዝገብ አለባት። ከፉሪ እስከ ዛሬ ማንም ሴት ልጅ ለዚህ አልበቃችም፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ፣ ለእንግዳው ሪፖርት ሲያቀርቡ የእርስዎ ድካም ፍሬ አድርገው ጠቅሰውታልና። አባቷ ግን ከዚያ ቀን ማታ ጀምሮ፣ «ዘመድ በሞላበት፣ እኔ አባቷ ተቀምጬ እያየሁ እንዲህ ከሳቁባት፣ ዘመድ በሌላት አገር ምን ሊሏት ነው? አትሄድም» ብለዋል። አልጮኹም፣ አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻል ነበር።

፫ኛ/ ስለ ወተቱ። ያ በጠረኑ ያሳቁበት ወተት ማለዳ ማለዳ ወዴት ይሄድ እንደነበር መንገደኛው አያውቅምና ልንገረው፦ ወደ እርስዎ ቤት ነው። ልጆችዎ ያደጉት በእሱ ነው። ጠጅቱ ቅሉን ከደጃፍዎ አስረክባ ነበር ወደ ክፍል የምትሮጠው። አገራችን እንዲህ ላለ ሰው «ወጪት ሰባሪ» የሚል ስም አላት፤ እኔ ግን ጨዋ ተብዬ ስለተመዘገብኩ ከአፌ አይወጣም።

ከምረቃው ማግስት ወተቱ ቀረ። ያን ጊዜ አንድ ነገር እንደተበላሸ በሚያስደንቅ ፍጥነት ተረዱና ዘበኛውን ቦጂያን ላሟ ታማ እንደሆነ ጠይቆ እንዲመጣ ወደ ፉሪ ሰደዱት። ላሟ ደህና ናት፤ ስለ ተጨነቁላት ታመሰግናለች። ስለ ልጅቱ ደህንነት እንዲጠይቅ ግን ቦጂያ አልታዘዘም ነበር። ታዝዞ ቢሆን ኖሮ እኔ ያየሁትን ያይ ነበር። ጠጅቱ በዚህ ዝናብ ልብሷን ታጥባለች፤ እሳት ዳር ታደርቀዋለች፤ ከዚያ ጢስ ጢስ ሸተተ ብላ እንደገና ታጥባለች። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ብሄድ የቀሚሷን እጅጌ ወደ አፍንጫዬ አስጠግታ «ስንዱ፣ እስቲ አሽትቺልኝ፤ እውነቱን ንገሪኝ፣ ድሮም ወተት ወተት እሸት ነበር?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ የማስቀምጠው የጨዋ ቃል ጠፍቶብኛል። ጠልቼዎታለሁ።

፬ኛ/ ቦጂያ ተመልሶ «ኦቦ ባጫ ተቀይመዋል» ባለዎት ጊዜ ይቅርታ ለመጠየቅ መወሰንዎን ሰምቻለሁ፤ ይህ ያስመሰግንዎታል። ምስጋናዬን ትንሽ የቀነሰብኝ ይቅርታ ሊጠይቁ ተበዳዩን መጥራትዎ ነው፤ ያውም ጤፍ በሚዘራበት ሰሞን፣ ማኅተም በተመታበት ወረቀት፣ «በአስቸኳይ ቢሮዬ ድረስ እንዲቀርቡ» በማለት። ኦቦ ባጫ ማኅተም ያለበት ወረቀት የሚያውቁት ከፍርድ ቤት ሲመጣ ነው። ስለዚህ ተከሰስኩ አሉ። በምን እንደተከሰሱ ባያውቁም እንደ ደንቡ ዋስ ይዘው መጡ፤ ዋሱም ጎረቤታቸው ኦቦ ኢተፋ ነበሩ፣ ይህን ሁሉ ያጫወቱኝም እሳቸው ናቸው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከማለዳ እስከ ቀትር በረንዳዎ ላይ ካፊያ እየመታቸው ቆሙ። በመጨረሻ ሲገቡ እርስዎ ለምን ሁለት ሆነው እንደመጡ ጠየቁ። ኦቦ ኢተፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ጌታዬ፣ ለባጫ ዋስ ልሆን ነው፤ ጥፋቱ ይነገረንና ልፈርም» አሉ። ያን ጊዜ እንኳ፣ ኦቦ ኢተፋ ጥፋቱ ይነገረን ባሉበት በዚያች ቅጽበት እንኳ፣ ጥፋቱ ከራስዎ ጠረጴዛ ኋላ ካፖርቱን ሰቅሎ ተቀምጦ እንደነበር አልታየዎትም። «ምንም አላጠፋህም፣ ቀልድ ነው፣ እርሳው» አሏቸው። ኦቦ ባጫን ሚስታቸው እንኳ «አንተ» አይሏቸውም። ወተቱ መቼ እንደሚጀምር ከጠየቁ በኋላ አሰናበቷቸው። ኦቦ ኢተፋ እስከ ዛሬ ነገሩ አልገባቸውም፤ ባለፈው ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ፈርሜ ይሆን እንዴ?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፤ እርስዎ ብዙ ስለተማሩ ይህን ትንሽ ነገር ሳይማሩት ማለፍዎ አይገርምም፣ ስለዚህ ላስረዳ። በዚህ አገር የበደለ ሰው ወደ ተበዳዩ ደጅ ይሄዳል። ብቻውን አይሄድም፣ ሽማግሌ ይይዛል፤ «ጃርሳ» ይሏቸዋል። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ግቡ እስኪባል ይጠብቃል፤ ከገባም «አጥፍቻለሁ» ሳይል አይቀመጥም። እንዲህ ያደረገን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው፣ ኦቦ ባጫም ነውር አይወዱም። ለኦቦ ኢተፋ ያሏቸውን ቃል በቃል ላቅርብልዎ፦ «ያ ሰውዬ ደጄ መጥቶ አጥፍቻለሁ ካለ፣ ልጄ ቀና ብላ ወደ ትምህርቷ ትሄዳለች። ካላለ ግን ያለው ነገር እውነት ሆኖ ቀረ ማለት ነው።» እንግዲህ የጠጅቱ መሄድና መቅረት በእርስዎ ሁለት እግር ላይ ነው። ይህን ያህል ከባድ ነገር እንዲህ ባለ ቀላል ነገር ላይ ማረፉ ያሳዝነኛል።

ነገ ቅዳሜ ገብርኤል ስለሆነ በፉሪ ሞፈር የሚነካ የለም፤ ኦቦ ባጫን እቤታቸው ያገኟቸዋል። ሽማግሌ ከየት አመጣለሁ ብለው እንዳይቸገሩ የቤተ ክርስቲያኑን አለቃና የሙሉዬን አያት አነጋግሬያለሁ፤ ሁለቱም ለእርስዎ ሳይሆን ለልጅቱ ሲሉ እሺ ብለዋል። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጫማዎ ይበላሻል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልግዎ፤ ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም።

ለተቀመጡበት ወንበር ያለኝን ከፍተኛ አክብሮት፣ በወንበሩ ላይ ላሉት ለእርስዎም ከዚያ የተረፈውን እያቀረብኩ፣ ቤትዎ ሰላም፣ ልጆችዎም የሚስቅባቸው የማያገኙ እንዲሆኑ በመመኘት እሰናበትዎታለሁ።

ስንዱ ዳኜ
ከእንግዲህ ተማሪዎ ያልሆነች

ግልባጭ፦
ለመምህራን በሙሉ፣ ባልገባቸው ቀልድ ለሳቁትም፣ ገብቷቸው ለሳቁትም
ለአባቴ ለአቶ ዳኜ፣ ከይቅርታ ጋር

ተጨማሪ፦ ከፈረምኩ በኋላ የሰማሁትን ላክልልዎ። ትናንት አመሻሽ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ከኦቦ ባጫ አጥር ውጭ ቆመው ታይተዋል። የመጡት ከገላን ነው። ማኅተም አልያዙም፣ ማንንም ወደ ቢሮ አልጠሩም፤ ግቡ እስኪባሉ ድረስ ዝናብ ላይ ቆዩ፣ ገብተውም «አንቱ» እያሉ ተናገሩ። ጠጅቱን ለልጃቸው ሊጠይቁ ነው፤ ልጁን አይታው አታውቅም። እንዲህ አክብሮ ለመጣ ሰው እምቢ ማለት እንደሚከብድ ከላይ ገልጬልዎታለሁ። ኦቦ ባጫ መልሱን ሊሰጧቸው ለእሑድ ቀጥረዋቸዋል። ገላን ከፉሪ ሩቅ ነው፤ እነሱ ግን መጥተዋል።