እህቴን ያቀዘቀዙበት ሰሞን

ሐሙስ

እህቴን በረዶ አድርገዋታል! ውጭው እየነደደ፣ ትግስቴ እዚህ ሻርጃ ሆስፒታል ውስጥ እንደ ሬሳ ቀዝቅዛ ተኝታለች። እጇን ስነካው ጮህኩ። ደረቷና ጭኗ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚዞርበት ነገር ለጥፈውባታል። ራሷን አታውቅም። አፏ ውስጥ ቱቦ አለ።

«ሆን ብለን ነው» አለችኝ ህንዳዊቷ ነርስ በአረብኛ። ሆን ብለው!

ትናንት የሆነውን አብራት የምትሠራው ፊሊፒናዊት ነገረችኝ። ረቡዕ አይደል፤ ትግስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ፣ አጅማን ያለችው አሠሪዋ ማዳም ቤት ኩሽና ውስጥ ቆማ ዳቦ ጎረሰች። ገና ሳታላምጠው ማዳም ከላይ ተጣራች። «ያላ! ያላ! ቶሎ!» እኛ ደግሞ ስንጠራ ወዲያው መልስ ካልሰጠን ባለጌ ተብለን ያደግን ነን። ሦስት ዓመት አረብ ቤት ብትኖርም አፏን የሚቀድማት አቤት ነው። ጉርሻዋን እንደያዘች አቤት ልትል ስትል ዳቦው ጉሮሮዋን ዘጋው። ትንፋሿ ቆመ፣ ልቧም ቆመ። የቤቱ ሹፌር ደረቷን ሲጫን ቆየ፤ የአምቡላንስ ሰዎች ደርሰው ዳቦውን አወጡላት፣ ልቧንም መለሱት። እሷ ግን አልነቃችም።

በአንድ ጉርሻ! ለእማዬ ምን ልበላት?

ዓርብ

የምሠራበት የአል ሪጋ ሰፈር ፀጉር ቤት አለቃዬ ፈቃድ ከለከለችኝ። ትቻት ወጣሁ። ሥራው፣ ሹግሉ ገደል ይግባ።

እማዬ ከደብረ ብርሃን የላከችልኝን ጋቢ ይዤ ሄድኩ። ነርሷ ዞር ስትል ትግስትን አለበስኳት፣ እግሯንም አሸት አሸት አደረግኩላት። እኛ ዘንድ ሰው ሲበርደው ይለብሳል እንጂ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርበትም! ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ ጮኸ። ነርሷ እየሮጠች መጥታ ጋቢውን ገፈፈችው። «ሙሽኪላ! ችግር ነው! ምን አደረግሽ?» እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ተነሳሁባት። «ብርድ ይገድላታል! ሰው አይደለችም?» ጥበቃው ሊያስወጣኝ መጣ።

ጥበቃውን ራሷ ነርሷ መለሰችው። ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣኝ፣ «ጭንቅላቷ አየር አጥቶ ቆይቷል» አለችኝ። «አሁን ከሞቀ ሊያብጥ፣ የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ሲቀዘቅዝ ሥራ ይቀንስለታል፣ ያርፋል። አንቺ ስታለብሻት የእኛን ልፋት ገደል ከተትሽው።»

«ከዚያ ትነቃለች?»

«አላውቅም።» ዓይን ዓይኔን እያየች። ዋላሂ፣ ልመታት አማረኝ። ግን ከሁሉም ያልዋሸችኝ እሷ ብቻ ናት።

ያርፋል አለች። እህቴ እረፍት ለማግኘት ልቧ መቆም ነበረበት!

ቅዳሜ

ማዳም መጣች። ቴምር ይዛ! አለቀሰች። «ዋላሂ፣ እንደ ልጄ ነው የማያት።»

«ልጅሽ ምሳዋን ቁጭ ብላ ነው የምትበላው» አልኳት።

መጾሟን አላወቅሁም ትላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ቤቷ ውስጥ ማን እንደማይበላ አታውቅም! ምን ፈልገሽ ነው የጠራሻት ብዬ ጠየቅኳት። ቴምሩን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ደግሜ ጠየቅኳት። የስልኳን ቻርጀር እንድታቀብላት ነበር።

ቴምሩን መልሼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ደሜ እስካሁን ይፈላል።

ማሞቅ ጀምረዋል። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ምነው ቶሎ ብትሉ ብዬ ነርሷን ነዘነዝኳት። «ቸኩሎ ማሞቅ ይጎዳታል» አለች። እሺ። በዚህ አገር ትግስትን ያላቻኮሏት ገና ዛሬ ነው።

እሑድ

ገላዋ ሞቋል። ይሰጧት የነበረውን የእንቅልፍ መድኃኒትም አቁመውላታል። አልነቃችም። ሐኪሙ ዓይኗ ላይ መብራት አበራ፣ አየ፣ ሄደ። ምን አለበት አንድ ቃል ቢተነፍስ!

እማዬ ደወለች። «ሥራ በዝቶባት ነው» አልኳት። ምላሴ ይቆረጥ።

ሰኞ

ነርሷ «ጥሪያት፣ ድምፅሽን ታውቀዋለች» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ብጠራት ዝም ብትለኝስ? ኋላ ግን ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አልኩ።

«ትግስት!» ምንም።

«ትጉዬ!»

ዓይኗ ተከፈተ። ወዴት እንደምታይ እንጃ። ከዚያ ከንፈሯ ቱቦው ላይ ተንቀሳቀሰ፣ ጉሮሮዋ ታገለ፣ ማሽኑም ጮኸ። ቱቦው አስጨንቋት ነው አለች ነርሷ። እኔ ግን እህቴን አውቃታለሁ። አቤት ልትለኝ ነው።

«አቤት አትበይ!» አልኳት እየጮህኩ። «ተይ የኔ እናት፣ እኔ ነኝ። አትመልሺልኝ። አትቸኩይ።»

ከንፈሯ ቆመ። ጣቴን ጨበጥ ያደረገችኝ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ነርሷም ገና ብዙ የማይታወቅ ነገር አለ ትላለች። ጋቢውን ጭኔ ላይ አጥፌ ቁጭ ብያለሁ፤ አልብሻት እስክትለኝ እጠብቃለሁ።