በትንፋሽ የመለስኩት «አዎ»

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ጊንሃይም

ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የልምምድ ችሎት ላይ ለተከራዩ ወገን ቆሜ ተከራከርኩ። ጥሩ እየሄድኩ ነበር። ዳኛ ሆነው የተሰየሙት ፕሮፌሰር በመሃል፣ «ተከራዩ የቤት ልቀቅ ደብዳቤው ደርሶታል?» ብለው ጠየቁኝ። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ መለስኩላቸው። እኛ ቤት ይሄ «አዎ» ነው። እሳቸው ግን መልስ አልሰሙም። ጥያቄውን ደገሙት፤ እኔም ደግሜ ሳብኩ። «ምነው፣ ውሃ ይምጣልሽ?» ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እዚሁ ተወልጄ አድጌ፣ አንዲት የጀርመንኛ «ያ» ማለት አቃተኝ።

ሰኞ ደግሞ የፋህሻፍቱ፣ የሕግ ተማሪዎች ማኅበራችን፣ ሊቀመንበር ምርጫ አለ። ከዕጩዎቹ አንዷ ነኝ። በዚህ አፌ ማንን ልመራ ነው ብዬ፣ ችሎቱ እንዳበቃ ስሜን ላሰርዝ ወጣሁ።

ለአከራዩ የተከራከረችው ሌና በር ላይ ደረሰችብኝ።

«እኔ ስናገር እንኳን ራስሽን እየነቀነቅሽ ታዳምጪኝ ነበር» አለችኝ። «ፋህሻፍቱ ውስጥ ተናጋሪ ሞልቷል። እኔ አንቺን ነው የምመርጠው።»

ተቃዋሚዬ እኮ ናት። ስሜንም ሳላሰርዝ ወደ ቤት መጣሁ።

እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። የውሃውን ነገር ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠችና፣ «ታዲያ ሰኞ ትወዳደሪያለሽ?» አለችኝ።

ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ።

«ጎሽ» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።