የሼህ ኢድሪስ እምቢታ

ሚያዝያ 4፣ ጠዋት
ማንጎ አጥቤ ተቀመጥኩ። ለማንም ያልነገርኩትን ላንቺ፣ ለደብተሬ። ሼህ ኢድሪስ የመንደሩን መሬት ለሰፈራ አልሰጡም። በደርግ ጊዜ፣ ጽ/ቤት ውስጥ፣ ካድሬው ፊት በበርታኛ እምቢ አሉ። ሌላ ሰው አልነበረም። አስተርጓሚዋ እኔ። «ተስማምተዋል» አልኩ። ቃለ ጉባኤውን ሳነብላቸው ደግሞ እምቢታቸው የተጻፈ አስመሰልኩ። አመኑኝ። አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ።

እንዳይታሰሩ ብዬ ነው። ይህ ግማሹ። ባሌ አስተማሪ ነበር፤ ከሥራ እንዳያባርሩት ፈራሁ።

ሚያዝያ 6
ከሟቹ ባሌ መጻሕፍት አንዱን ይዤ ዋልኩ። ቋንቋን የመረመረ የውጭ ሊቅ ሐሳብ። አንዱን ገጽ ሦስቴ። የገባኝን ልጻፍ፦ የሚናገር ሰው መልስ ይጠብቃል። ሕዝብ አብሮ የሚኖረው ድምፁ አንድ ስለሆነ አይደለም፤ አንዱ ድምፅ ሌላውን ስላልዋጠው ነው።

መጽሐፉን ዘጋሁት።

ሼህ ኢድሪስ እስኪሞቱ አልሰጠሁም ይሉ ነበር። መንደሩ «የጣትህ አሻራ ይኸው» ይላቸው ነበር። ዛሬም ዕቃ ሳጥብ ድምፃቸው ከኋላዬ። ዞር አልልም።

ሚያዝያ 9፣ ከቀትር በኋላ
ሐዋ መጣች፤ የሼህ ኢድሪስ ልጅ። የአዲሱ ክልል ሠራተኛ ሆናለች። ሰኞ ስብሰባ አለ፤ ሁሉም በገዛ ቋንቋው ይናገራል፤ አስተርጉሚ አለችኝ። አርጅቻለሁ አልኩ። እንደ አክስቷ ኻላ ነው የምትለኝ።

«ኻላ፣ አፍሽ መቼ አረጀ! ገበያ ላይ ስትከራከሪ ሰምቼሻለሁ።»

ሳቀች። ከዚያ የሆነባትን ነገረችኝ። ለስብሰባው ሰው ስትጠራ አንዱ፣ «አባትሽ መሬታችንን ሰጠ፤ አንቺ ደግሞ ምን ልትሰጪ መጣሽ?» ብሏታል። ልጆቿም ይሰማሉ አለች። ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ሚያዝያ 10፣ ጠዋት
ወሰንኩ። የሼህ ኢድሪስን ቃል ሳልመልስ የሌላ የማንንም አላስተረጉምም። ያሉት ይህ ነው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፦ «መሬቱ የኔ ብቻ አይደለም። ገና የሚወለዱትን ሳልጠይቅ እንዴት እሰጣለሁ? እምቢ።»

ሐዋ ትጠላኝ ይሆናል። መብቷ ነው። ከፈለገች መንደሩ ፊት ታንብበው፤ ካዘዘችኝ እኔው ቆሜ አነባለሁ፣ በሁለቱም ቋንቋ። ከቀትር በፊት ጽ/ቤቷ እሄዳለሁ። እነዚህን ገጾች የምትቀበለው ሐዋ ኢድሪስ ናት።