ስድስት መቶ አርባ ሜትር

ኦፕፊኮን፣ ዙሪክ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2008 ዓ.ም.

ወንድሜ ግዛው፣

እንዴት ከረምክ? ባለቤትህ መስታወትና ልጆቹስ? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው ሆቴል የተበላሸ ማሞቂያ እጠግናለሁ፣ የተዘጋ ቱቦ እከፍታለሁ። አዲሱ አለቃዬ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። መሐንዲስ መሆኔን ስነግረው «በጣም ጥሩ» አለኝና የሦስተኛውን ፎቅ ሽንት ቤት እንዳይ ላከኝ። ይህን ልተወውና ወደ ጠየቅከኝ ልግባ።

ነሐሴ ላይ ከወረዳው ኢንተርኔት ቤት የላክህልኝ መልእክት ደርሶኛል። «ከርከሮ በቆሎውን ጨረሰብን፤ ለአባታችን ቤልጅግ ጠመንጃ የሚገጠም ርካሽ መነጽር ምረጥልኝ» ብለህ ሦስት ዓይነት ዘርዝረሃል። መጨረሻው ላይ «በስድስት መቶ አርባ ሜትር አጥርቶ ያሳያል ወይ?» የምትል ጥያቄ ጨምረሃል።

በግምት እንደማልሠራ ታውቃለህ። ዙሪክ ውስጥ የአዳኞች ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ከሥራ ስወጣ ዘጠኝ ቀን ተመላለስኩ። ሻጩ በስሜ ይጠራኝ ጀመር።

አንደኛው፣ እስከ ዘጠኝ እጥፍ የሚያቀርበው፣ ቆሻሻ ነው። መሃሉ ጥሩ ይመስላል፣ ዳር ዳሩ ግን ይደበዝዛል። ማስተካከያውን አሥር ነጥብ አዙረህ አሥር ብትመልሰው የነበረበት ቦታ አይመለስም። እንዲህ ያለ ዕቃ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው መታሰር አለበት። ሁለተኛው አራት እጥፍ ብቻ ነው፤ የሚዞር የሚሽከረከር ነገር የለውም። ሲመሽ ብርሃን ጥሩ አድርጎ ይሰበስባል፣ ሲተኮስም የቤልጅጉን ምት ይችላል። ሦስተኛው አሥራ ስድስት እጥፍ ያቀርባል። ርቀቱን በጎኑ ታስተካክልለታለህ፣ እያንዳንዷ ነጥብ ስትዞር ትሰማለች፣ ስትመለስም ልክ ቦታዋ ትመለሳለች። በዋጋው እንዲህ ያለ ሥራ አይገኝም።

ሻጩ «ለምን እንስሳ ነው?» ሲለኝ «ለከርከሮ» አልኩት። «በስንት ሜትር?» አለኝ። «በመቶ» ብዬ ዋሸሁት።

«እንግዲያው ሁለተኛውን ውሰድ። ሦስተኛው ለከርከሮ ምን ያደርግልሃል?»

ሦስተኛውን ገዛሁ።

እሑድ ዕለት ይዤው ጄኔቭ ወረድኩ። እትዬ ተናኘወርቅ የሚባሉ ሴት አሉ፤ በደርግ ጊዜ የወጡ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ፣ ለዛቫንሼ በሚባል ሰፈር የሚኖሩ። የፊታችን ዓርብ አዲስ አበባ ይገባሉና ዕቃውን እንዲያደርሱልህ ልለምናቸው ነበር። ፓኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ካፌ ተቀመጥን። ካርቶኑን ከፈትኩላቸው።

«ይሄ ምንድነው ኃይሌ?»

«የጠመንጃ መነጽር ነው። ወንድሜን ከርከሮ አስቸግሮት።»

«በስተርጅና ኤርፖርት ላይ ልታሳስረኝ ነው?» ብለው ሳቁ። «ጄኔቭ አደን ከተከለከለ አርባ ዓመት አልፎታል። ጥንቸሉ ሰው አይፈራም። አንተ ደግሞ ይሄንን ቡና መጠጫ ላይ ትዘረጋዋለህ!» አንስተው ወደ መንገዱ አዩበት። «ውይ! የሰውዬውን ጥርስ ቆጠርኩት እኮ!» ቶሎ አወረዱት። «ስማኝ፣ አባቴ አርሲ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ከርከሮ ሲገድል በባዶ ዓይኑ ነው። ከርከሮ በቆሎ ውስጥ ገብቶ እግርህ ሥር ነው የምታገኘው። ወንድምህ ከየት ሆኖ ነው የሚተኩሰው?»

«ስድስት መቶ አርባ ብሏል።»

«ስድስት መቶ አርባ ምን?»

«ሜትር።»

መነጽሩን በእጃቸው ጫፍ ወደ እኔ ገፉት። «ስድስት መቶ ቢልህ ግምት ነው እልሃለሁ። አርባዋ ከየት መጣች? ይሄ የተለካ ነው። ማነው የለካው?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ግዛው፣ ሰባ ሰባት ዓ.ም. ክረምት ትዝ ይልሃል። የቅየሳ ትምህርት ተምሬ፣ ቴዎዶላይት የሚባለውን የቅየሳ መነጽር ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ተውሼ፣ በአህያ ጭኜ መጣሁ። አንተ አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር። ቀይ ጨርቅ ያሰርኩበትን እንጨት አስይዤህ ገደሉን ዞረህ ማዶ እንድትቆም ላክሁህ። የቆምከው እነ ሀብተወልድ ደጃፍ ላይ ነው። እኔ ከአጥራችን ሆኜ በመነጽሩ አየሁህ። እንጨቱን ቀጥ አድርገህ ለመያዝ ምላስህን ነክሰህ ነበር፤ በመስቀለኛው ክር መሃል አንተ ነበርክ። ሦስት ጊዜ አስልቼ ስድስት መቶ አርባ ሜትር መጣ። አንተም ቁጥሩን እንደ ዘፈን ይዘኸው ለከብት ጠባቂው ሁሉ ስትነግር ከረምክ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልረሳኸውም ማለት ነው።

እንግዲህ መሸፋፈኑ ይብቃን። ቃለጽድቅን ሀብተወልድ በግጦሽ ድንበር ተጣልቶ በዱላ ሲገድለው እኔ እዚያ አልነበርኩም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ወጥቼ ዓመቴ ነበር፤ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ወረቀት እጠብቅ ነበር። ታናሽ ወንድማችንን ያነሳኸው አንተ ነህ፣ ያጠብከው አንተ ነህ። ሰውዬው ሰባት ዓመት ታስሮ አምና መስከረም ወጣ። በየማለዳው በሩን ሲከፍት የምታየውም አንተ ነህ።

ሰኔ ላይ ሽማግሌዎቹ ደሙን ሊያደርቁ ሲሰበሰቡ ታላቅ ወንድም ካልተስማማ አይሆንም አሉ። ስልኩን ድምፁን ከፍታችሁ መሃላቸው አስቀመጣችሁት። እኔ ሆቴሉ ምድር ቤት፣ ማሞቂያው አጠገብ ቆሜ ነበር። «ሰባት ዓመት እስር የቃለጽድቅ ዋጋ ነው? እዚያ ቤት ወንድ የለም?» አልኩ። ሁሉም ሰማ። የሽማግሌ ምርኩዝ ሲነሳ፣ ወንበር ሲጎተት በስልኩ ሰማሁ። አንተ ከሁለት ወር በኋላ ስለ ከርከሮ ጻፍክልኝ።

እትዬ ተናኘወርቅ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ «ያንን ነገር ሻንጣዬ አጠገብ እንዳታደርሰው» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ «ወረቀት ግን አይከብደኝም። የተናገርከውን የምትመልስበት ወረቀት ካለህ እስከ ሐሙስ አምጣ» አሉ። ቁጣ ቁጣ አለኝ። በባቡሩ ሦስት ሰዓት ስመለስ በልቤ ስሰድባቸው ነበር።

የሚከተለውን ለሽማግሌዎቹ አንብብላቸው።

«እኔ ኃይለመለኮት በሰኔ ወር በስልክ የተናገርኩትን ቃል አንስቻለሁ። የወንድሜ የቃለጽድቅ ደም እንዲደርቅ ተስማምቻለሁ። ወንድሜ ግዛው በእኔ ቦታ ቆሞ እርቁን ይቀበል።»

አምስት ጊዜ ነው የጻፍኩት። በአራቱ መጨረሻ ላይ አንዳንድ ቃል እየጨመርኩ አበላሽቼዋለሁ። ሥሩ እትዬ ተናኘወርቅ በምስክርነት የሚፈርሙበት ቦታ ትቻለሁ፤ ፊርማ የሌለበት ወረቀት አትቀበል።

ወንድነትህን አልጠራጠርም። እዚያ ቤት ወንድ አለ። ሌላው ወንድ ነው አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በሞቀ ምድር ቤት ቆሞ በሌላ ሰው ትከሻ ሊተኩስ የፈለገው። ብትተኩስ መስታወት እስር ቤት ስንቅ ታመላልሳለች፤ ልጆችህን ደግሞ የሀብተወልድ ልጆች አድገው ይፈልጓቸዋል። እኔ ግን እዚህ የተዘጋ ቱቦዬን እከፍታለሁ፤ ማንም አይነካኝም።

ነገሩ የገባኝ ጄኔቭ፣ እትዬ ተናኘወርቅ ፊት ነው ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ውሸት ነው። ቁጥሩን ነሐሴ ላይ ሳነብ ነው ያወቅሁት። አውቄ ሱቁ ሄድኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳነጻጽር ስለ ከርከሮ አንድ ጊዜም አላሰብኩም። ጥሩ አድርጌም መረጥኩ።

ሱቁ ዕቃውን እስከ መጪው ሳምንት ቅዳሜ ይቀበለኛል። ዛሬ ገና ረቡዕ ነው፤ አልጋዬ ሥር ነው ያለው። እርቁ የሚወርድበትን ቀን ቆርጣችሁ በመጪው ሳምንት ዓርብ ማታ ደውልልኝ። ባትደውልም እመልሰዋለሁ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። አንተ ግን ደውል።

ከርከሮ እውነት ካለ ደግሞ አጥሩን በእሾህ አጥብቀው፣ ማታ ማታ ቆርቆሮ ምቱ። አባታችን እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

የቃለጽድቅን ነፍስ ይማርልን። አንተን ለመስታወትና ለልጆችህ ያቆይልኝ። ማዶ ላሉት ልጆችም አባታቸውን... ይህን ለመጨረስ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ ሞልተህ ለሽማግሌዎቹ አንብብላቸው።

ታላቅ ወንድምህ
ኃይለመለኮት